በኬላ ልክ የተሠራው ሳጥን

ማክሰኞ፣ ጥር 12

ያንኳኳል። የስፒከሩ ድምፅ ዝቅ ሲል ደህና ነው። ከፍ አድርገነው ወፍራሙ ድምፅ ሲመጣ ግን ከሳጥኑ ውስጥ ጧ ጧ ጧ ይላል፤ ሰው ተዘግቶበት በር የሚደበድብ ነው የሚመስለው። ትንሽ ሲቆይ ደግሞ የተቃጠለ ቫርኒሽ መሽተት ጀመረ። አጠፋሁት።

ይህ ሁሉ የሆነው ሰው ፊት ነው። የዳንኤል አጎት ጋሽ ወርቁ ነበሩ። ሚዜዎቹ ነበሩ። ከሄሉ መንደር የመጡ ዘመዶቻችንም ግቢያችን ውስጥ ተቀምጠው ሻይ ይጠጡ ነበር።

ዳንኤል እሁድ ልጄን ምሕረትን የሚያገባው ልጅ ነው። እዚሁ ሞያሌ ተወልዶ አጎቱ ጋ አደገ፤ አሁን በናይሮቢ መንገድ ላይ ባለችው ኢሲዮሎ ከተማ ይሠራል። አማርኛው ግማሹ ስዋሂሊ ነው። ስፒከሩን ከናይሮቢ ራሱ መርጦ፣ አውቶቡስ ውስጥ ጭኑ ላይ ታቅፎ አመጣው። ሰብዉፈር የሚሉት፣ ወፍራም ድምፅ የሚያወጣው ነው፣ ከትልልቆቹ፤ ማግኔቱ ድርብ ነው። "አባባ፣ ሳጥኑን እርስዎ ይሥሩልኝና በሰርጋችን እሱ ይጫወት" ብሎኝ ነበር።

ከፊቱ ያለውን ወንፊት ብረት ፈታሁ፤ ያው ነው። ብሎኖቹን አጠበቅሁ፤ ያው ነው። ሽቦውን ቀየርኩ፤ ያው። ሰዉ ሁሉ እኔን ያያል። ሞያሌ ላይ የሳጥን ፉንዲ፣ ባለሙያ ማለት ነው፣ ማን ነው ቢባል፣ በኬንያም በኢትዮጵያም በኩል ጌታቸው ነው የሚባለው። አንድ ነገር ማለት ነበረብኝ።

"ፌክ ነው" አልኩ። "ኮይሉ፣ ውስጡ ያለው ጥቅል ሽቦ፣ ይነካካል። ፌክ ሸጠውልሃል።"

"አባባ፣ ሱቁ ውስጥ ሰምቼዋለሁ" አለ ዳንኤል። "ሀኩና ሺዳ፣ ደህና ነበር።"

እዚህ ላይ ዝም ብል ምን ነበረበት? "ዕቃ መለየት የማይችል ሰው ቤት እንዴት አድርጎ ይመራል?" አልኩት። እየሳቅሁ ነው ያልኩት፤ ከእኔ ሌላ የሳቀ ግን የለም። ጋሽ ወርቁ ብርጭቆአቸውን መሬት ላይ አስቀመጡ። ምሕረት የሳጥን ምንጣፍ የምትቆርጥበትን መቀስ ይዛ ቆማ ነበር። ጠረጴዛው ላይ ጣል አድርጋው ወደ ቤት ገባች።

ዳንኤል ካቻቢቴዬን አንስቶ ስፒከሩን ራሱ ፈታው። ካርቶኑ ውስጥ መለሰው።

"ነገ ጠዋት ናይሮቢ እመልሰዋለሁ። ይቀይሩልኛል።"

"ሰርግህ እሁድ ነው እኮ!" አሉት ጋሽ ወርቁ።

"ቅዳሜ ጠዋት እደርሳለሁ" አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ "ደህና ይዋሉ፣ ፉንዲ" አለኝ።

ፉንዲ። እስከ ዛሬ አባባ ነበርኩ።


ረቡዕ፣ ጥር 13

ሄደ። ምሕረት እስከ አውቶቡስ መነሻው ሸኝታው ተመለሰች። ወርክሾፕ አልመጣችም። አስቴርም አታናግረኝም፤ ድስት ብቻ ታንኳኳለች። ባለቤቴ ስትቆጣ ድስቱ ነው የሚያወራልኝ።

እሺ፣ አፌን ልሰብስብ ይገባኝ ነበር። እሱን አምናለሁ። ግን ስፒከሩ ፌክ ከሆነ ፌክ ነው፤ ምን ልበል? ጥሩ ነው ልበል?

የቀረ ሥራ፦ የድንኳኑ ገመድ። ወንበር መቁጠር። ፀጉር መቆረጥ። ጫማዬን ለሊስትሮ መስጠት። ከድምፅ ማጉያው ላይ የሚላቀቀውን ሽቦ መበየድ።

ሳጥኑ ክብ ቀዳዳውን ከፍቶ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። በሳጥኑ ማንም ሊያማኝ አይችልም። ሰርጉ እዚህ በኬንያ በኩል ነው፤ መልሱ ደግሞ በማግስቱ በኢትዮጵያ በኩል፣ በአስቴር እህት ቤት። እዚህ ከተማ ድግስ ሁሉ እንዲህ ነው፤ ግማሹ ወዲህ፣ ግማሹ ወዲያ። የሙዚቃ ዕቃ መኪና ላይ ከጫንክ በሁለቱም ኬላ ወረቀት አምጣ ይሉሃል፤ ቀኑ እዚያው ይመሽብሃል። ሁለት ሰው ፊትና ኋላ ይዞት በእግረኛ መተላለፊያው፣ በሁለቱ ብረቶች መሀል ካለፈ ግን ቀና ብሎ የሚያይ የለም። ስለዚህ እኔ ሳጥን የምሠራው በዚያ መተላለፊያ ልክ ነው። ቀጭን፣ ፊቱ ለጥ ያለ፣ ብረቱ የሚይዘው ነገር የሌለው። የኬላ ልክ እንለዋለን። ሰዎች ስፒከር ሳይገዙ ሳጥኑን ያዛሉ፣ ምክንያቱም ልኩ ያው ነው።

የዳንኤልም ሳጥን ስፒከሩ ሳይመጣ አልቆ ነበር። ምሕረት ያኔ "አባዬ፣ ስፒከሩ ይምጣና ማግኔቱን ለክተን እንሥራ" ብላኝ ነበር። የጥር ሥራ ቆሞ አይጠብቅም አልኳት። እውነቴን ነው፤ በጥር ሰርግ በሰርግ ላይ ነው።

ከትምህርት ቤት ከወጣች ጀምሮ እዚህ ጠረጴዛ ላይ አብራኝ ነች። እሷ ትለካለች፣ እኔ እቆርጣለሁ። ምንጣፍና ኮላው የእሷ ነው። ኮላው ጣቷ ላይ ሲደርቅ እየላጠች ታወራኛለች፤ ከጎረቤት ሐሜት ጀምሮ እስከ ፖለቲካ የማታነሳው የለም። በሚቀጥለው ሳምንት ኢሲዮሎ ነች።

ዛሬ ብቻዬን ሠራሁ። ሁለት ሰሌዳ አበላሸሁ።


ሐሙስ፣ ጥር 14

ሳጥኑ ነው። እኔ ነኝ።

ጠዋት ለሌላ ሥራ ጥጥ አነሰኝና ከዳንኤል ሳጥን ልውሰድ ብዬ እጄን በክቡ ቀዳዳ አስገባሁ። የኋላው ጥጥ እንደ ቂጣ ተጠፍጥፏል። አወጣሁት። ከሥሩ፣ የኋላው ሰሌዳ ላይ የለጠፍነው ምንጣፍ ላይ፣ ክብ ምልክት አለ። የማግኔቱን ያህል ነው፤ ታሽቶ ያብረቀርቃል። መሀሉ ላይ የምንጣፉ ፀጉር ተስቦ ቆሟል። የማግኔቱ መተንፈሻ ቀዳዳ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው።

መሬት ላይ ቁጭ አልኩ።

ስፒከሩ ቦታ አጥቶ ነው። ማግኔቱ ሰሌዳውን ሊነካ ምንም አልቀረው፤ በመሀላቸው የነበረው ጥጥና ምንጣፍ ብቻ ነው። ድምፁ ሲበረታ ሰሌዳው ይርገበገብና ማግኔቱን ይመታል፤ ጧ ጧ የሚለው እሱ ነው። መተንፈሻው ስለተደፈነ ኮይሉ ይግላል፤ የቫርኒሹ ሽታ እሱ ነው። ሌላ ምስጢር የለውም። ማግኔት ከኋላው ቢያንስ ሁለት ጣት ክፍት ቦታ ይፈልጋል፤ ድምፁን የሚያወጣው የስፒከሩ ወረቀት ወደ ፊት ሲወጣ ደግሞ ከፊቱም ይፈልጋል። ይህን ለስንት ሰው እንደ ተናገርኩ! የድሮዎቹ ስፒከሮች ማግኔታቸው ትንሽ ስለነበረ በኬላ ልክ ውስጥ ይመቻቸው ነበር። ይሄኛውን ስገጥመው ጠበቅ ሲልብኝ በብሎን ስቤ አስገባሁት እንጂ ለምን ጠበቀ አላልኩም። ሳጥን የሚለካው ለስፒከሩ ነው። እኔ ግን ስንት ዘመን ለመተላለፊያው ብረት ስለካ ኖሬ ረስቼዋለሁ።

አሁን የባሰውን ልጻፍ። ማክሰኞ ሲያንኳኳ ደስ ብሎኝ ነበር። አዎ፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ይህን ልጅ ካወቅሁት ጀምሮ እንከን ስፈልግበት ከርሜ አንድም አጥቻለሁ። አይጠጣም። ይሠራል። አጎቱን ያከብራል። አስቴርን ዕቃ ተሸክሞ ያግዛታል። ልጄን ይዞ ከመሄዱ በቀር ጥፋት የለበትም፤ እሱ ደግሞ ለማንም የሚነገር ጥፋት አይደለም። ሳጥኑ ሲያንኳኳ ታዲያ በልቤ "ተገኘ!" አልኩ። ለዚህ ነው ውስጡን ያላየሁት። ሌላ ሰው ያመጣው ስፒከር ቢሆን መጀመሪያ ፈትቼ ነበር የማየው።

ለዳንኤል ደወልኩለት። ዝግ ነው። ደግሜ ደወልኩ። ዝግ።

ከሰዓት በኋላ ምሕረት ስልኳን ይዛ መጣች። ከማክሰኞ ወዲህ ወርክሾፑን ስትረግጥ ገና ዛሬ ነው። "ዳኒ ነው፤ ሊያናግርህ ይፈልጋል" ብላ ሁለታችንም እንድንሰማ ድምፁን ከፈተችው።

"ፉንዲ፣ ሱቁ ውስጥ ነኝ" አለ። "ጠረጴዛ ላይ አድርጎ፣ ያለ ሳጥን፣ ድምፁን ጨመረው፣ ጨመረው። ሀኩና ኪቱ። ምንም አያንኳኳም። ፌክ አይደለም ይላል። ግን ከፈለግህ ሌላ ልስጥህ አለኝ። ምን ላድርግ?"

ምሕረት ታየኛለች። ሳጥኑ ከጀርባዬ ነው፣ ጥጡ መሬት ላይ ተበትኗል። "ሳጥኑ ነው" ማለት ብቻ ነበር። ሁለት ቃል! ምላሴ እንቢ አለኝ።

"ያንኑ ይዘኸው ና" አልኩት።

የሱቁ ጫጫታ ብቻ ይሰማል። ከዚያ "ሳዋ" አለ፤ እሺ ማለቱ ነው። "ሳዋ፣ ፉንዲ።"

"ደህና ከሆነ ታዲያ ለምንድነው የሚያንኳኳው?" አለችኝ ምሕረት ስልኩን ዘግታ።

"ሲመጣ እናየዋለን።"

ፈሪ ነህ ጌታቸው።


ዓርብ፣ ጥር 15

ለአስቴር ነገርኳት። ጓሮ ተቀምጣ ሽንኩርት እየላጠች ነበር። በሽንኩርቱ ይሁን በእኔ እንጃ፣ ዓይኗ እንባ ሞልቷል።

"ልጁን በሰርጉ ሳምንት በዚያ መንገድ የሰደድከው አንተ ነህ ማለት ነው?"

"እኔ አልሰደድኩትም። ራሱ ነው የሄደው።"

"ጌታቸው!"

"እሺ። እኔ ነኝ።"

ቢላዋውን አስቀመጠች። "እኔ መች አጣሁት" አለች። "እሷ ትሄዳለች ብለህ ልጁ ላይ ስትነጫነጭ ከርመሃል። እኛ ከኢትዮጵያ በኩል ስንመጣ አባቴን ማን ጠየቀው? ጨርቃችንን ጠቅልለን በእግር አይደለም የተሻገርነው? እሷ በነጭ ልብስ፣ በአውቶቡስ ነው የምትሄደው። ምን ሆነህ ነው?"

ስንሻገር እኔ ጎረምሳ ነበርኩ፤ የአስቴር አባት ያን ቀን ምን እንደ ተሰማቸው አንድም ቀን አስቤው አላውቅም።

"ዛሬውኑ ለምሕረት ንገራት" አለችኝ። "ከሌላ ሰው እንዳትሰማው።"

እሺ ብዬ ወጣሁ። የአስቴር እህት ከወዲያ ማዶ መጥታ፣ ሴቶቹ በሩን ዘግተው ምሕረትን ቀሚሱን ያስለኳታል። ሳቋ እስከ ግቢ ይሰማል። ሰሞኑን እንዲህ ስትስቅ አልሰማሁም። አላበላሽባትም ብዬ ተመለስኩ። ሰበብ ነው፤ አውቀዋለሁ።

ዳንኤል ጠዋት ተሳፍሬያለሁ ብሎ ለምሕረት ጽፎላታል። አስፋልቱ ይሠራል ይሠራል ይላሉ እንጂ ከማርሳቢት ወዲህ ያው ድንጋይና አቧራ ነው። መንገድ ላይ ችግር እንዳለም ሰው ያወራል፤ ሰው መቼ የማያወራው አለ።

ፀጉሬን ተቆረጥኩ። ድንኳኑ ቆመ። ዛሬ የተሳካልኝ ይኸው ነው።


ቅዳሜ፣ ጥር 16

ጠዋት። አውቶቡሱ አልመጣም። ስልኩም አይሠራም።

አውቶቡስ ቢሮ ሄድኩ። ትኬት ቆራጩ ገልገሎ የቆየ ደንበኛዬ ነው። "ፉንዲ፣ ራኮ ህንቀቡ፣ አታስብ" አለኝ። "ከማርሳቢት ወዲህ ባሌስትራው ተሰብሮ ቆሟል አሉ። ኔትወርክ የለም እዚያ። ዛሬ ወይ ነገ ይገባል።"

"ነገ ሰርግ ነው፣ ገልገሎ።"

"እሱንማ አውቃለሁ። ተጠርቻለሁ እኮ።"

ቤት ስመለስ ጋሽ ወርቁ በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ይግቡ ብላቸው አልገባም አሉ።

"አቶ ጌታቸው፣ ልጁ ባይደርስ ነገ ለእንግዳው ምን ልንል ነው?" አሉኝ። "ፌክ ስፒከር ሊቀይር ሄዶ መንገድ ላይ ቀረ እንበል? ወንድሜ አደራ ያለኝን ልጅ በስፒከር ምክንያት ላጣው ነው?"

ይመጣል አልኳቸው። ድምፄ ራሴንም አላሳመነኝም። ሽማግሌው ከዘራቸውን እየጎተቱ ሄዱ። ብጠራቸውስ? ብነግራቸውስ? መጀመሪያ ግን ምሕረት ነበረች።

ወርክሾፕ ውስጥ አገኘኋት። መቀሷን ልትወስድ ነው የመጣችው። ፊቷ አመድ መስሏል፤ ስልኳን ከእጇ አታወርድም።

"ምሕረት፣ እጅሽን እዚህ አስገቢ" አልኳት። ሳጥኑን አሳየኋት።

አስገባች። ዳሰሰች። ምንጣፉን የለጠፈችው እሷ ነች፤ የራሷን ሥራ በጣቷ ታውቀዋለች። ክቡን አንድ ጊዜ ዞረችው፣ መሀሉ ላይ ቆመች። እጇን ሳታወጣ ቀና ብላ አየችኝ።

"መቼ ነው ያወቅከው?"

"ሐሙስ ጠዋት።"

"ሳይደውል?"

"ሳይደውል።"

"ይዘኸው ና አልከው" አለች። "እኔ እያየሁህ።"

ከዚያ እንደ ልጅነቷ፣ አፏን ከፍታ አለቀሰች። "አሁን የሆነ ነገር ቢሆንስ? ቢሆንስ አባዬ? እንዲህ አድርገህ ነው የምትሸኘኝ?"

"እንድትሄጂ አልፈለግሁም" አልኳት። ያልኩት ይሄንን ብቻ ነው። ከዚህ በፊት ለማንም ብዬው አላውቅም፣ ለአስቴርም። እኔም አለቀስኩ መሰለኝ፤ ፂሜ ረጥቧል።

ፊቷን በክንዷ ጠረገች። ወዲያ ወዲህ ተመለከተች፣ ከጥግ የተረፈ ኮምፔርሳቶ ጎተተች። "ቀለበት እንቁረጥለት" አለች።

ትክክል ነች። ከፊት ወፍራም የእንጨት ቀለበት ገጥመን ስፒከሩን እላዩ ላይ ካሰርነው፣ ሙሉው ወደ ፊት ይወጣል፤ ማግኔቱም ከኋላ ይተነፍሳል። ወንፊት ብረቱን ደግሞ በእንጨት ከፍ አድርገን ማሰር ነው፣ ወረቀቱ እንዳይነካው።

"በኬላው አያልፍም እኮ" አልኳት።

"አይለፍ። በጋሪ ይሂድ። ወረቀት አምጡ ካሉም እናምጣ።" ሜትሩን ከእጄ ወሰደች። "ለዳኒ ግን አንተ ነህ የምትነግረው። በስልክ አይደለም፣ ለብቻው ጠርተህም አይደለም። ማክሰኞ ያልከው ሰው ፊት ነው።"

"እሺ።"

"ማልልኝ።"

"እግዚአብሔርን፣ እነግረዋለሁ።"

እሷ ለካች፣ እኔ ቆረጥኩ። ሁለት ቀለበት ደራርበን በኮላ አጣበቅን። እሷ ደግማ ለካች። አንዲት ሙሽራ በሰርጓ ዋዜማ ጣቷን ኮላ አስነክታ! አስቴር በበሩ ብቅ ብላ አየችን፣ ምንም ሳትል ሻይ አምጥታ አስቀምጣልን ሄደች።

አመሻሽ ላይ። ደረሰ! ደረሰ! ሲሚንቶ በጫነ ሎሪ ላይ ተሳፍሮ ነው የመጣው። ገልገሎ እየሮጠ መጥቶ ነገረን። ከእግር እስከ ራሱ ግራጫ ሆኗል፣ ካርቶኑን አቅፎ ነው የወረደው አለን። ሙሽራ በዋዜማው ወደ ሙሽሪት ቤት አይመጣም፤ ካርቶኑን በገልገሎ ላከልን። ምሕረት ካርቶኑ ላይ ያለውን አቧራ በእጇ ጠረገችው፣ እጇንም አየችው።

ስፒከሩን ገጠምን። በቀዳዳው አጠገብ ጣቴን ወደ ኋላ አሳለፍኩ፤ ከማግኔቱ ጀርባ ሁለት ጣቴ እንደ ልብ ይገባል። ድምፁን ከፈትን፣ ጨመርን። ቆርቆሮው ሁሉ ይንቀጠቀጣል። ማንኳኳት የለም። ሽታ የለም።

በደስታ መዝለል ነበረብኝ። ግን ነገ ሰው ፊት መናገሩ አለ።


ሰኞ ጠዋት፣ ጥር 18

ትናንት አልጻፍኩም። ዛሬ ቤቱ ጭር ብሏል፤ ድንኳኑ ግን ገና አልፈረሰም።

ትናንት ሰርገኛው ሲመጣ እንደ ወጉ በሩ ተዘጋ። የእኛ ልጆች በውስጥ፣ የእነሱ ሚዜዎች በውጭ ሆነው፣ አናስገባም፣ እንገባለን እየተባባሉ ጭፈራው ደመቀ። ጋሽ ወርቁ ከፊት ናቸው፣ ዳንኤል ሱፉን ለብሶ ከመሀል። ማክሰኞ የነበረ ሰው ሁሉ አለ። ከዚህ የተሻለ ጊዜ አይመጣም፣ የከፋም አይመጣም። በሩን ከፈትኩና እጄን አነሳሁ። ከበሮው ቆመ። ሰዉ ወይ ሊመርቅ ነው ወይ ሊከለክል ነው ብሎ ይጠብቃል።

"ማክሰኞ እዚህ ግቢ ውስጥ ዳንኤልን ፌክ ገዛህ ብዬዋለሁ" አልኩ። "ስፒከሩ ደህና ነው። ሳልለካ ሳጥን የሠራሁት እኔ ነኝ። ሐሙስ አውቄ ዝም ያልኩትም እኔ ነኝ። ቤት እንዴት ይመራል ያልኩትንም አንስቻለሁ። ጋሽ ወርቁ፣ ልጅዎን ለመንገድ የዳረግሁት እኔ ነኝና ይቅር ይበሉኝ።"

ከጀርባዬ የአስቴር እህት "ውይ በሞትኩት" ስትል ሰማኋት።

ጋሽ ወርቁ ከዘራቸውን መሬት ላይ ተከሉ። "አንተ ሰው፣ ይህን ለመናገር በር እስኪዘጋብን ጠበቅህ?" አሉኝ። አንዱ ሚዜ ሳቀ፣ ከዚያ ሌላው። ሽማግሌው ግን አልሳቁም። "በሩን ክፈት እስቲ፣ ፀሐይ ላይ ነን" አሉ። ያ ይቅርታ ነው? እንጃ። ሲገቡ ትከሻዬን ያዝ አደረጉኝ።

ዳንኤል እየሰገደ ጉልበቴን ሳመ፣ እንደ ወጉ።

ከዚያ ሙሽሮቹን ይዘን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ሄድን፤ እዚያ ሙዚቃው ተጀመረ። ወፍራሙ ድምፅ ሲመጣ አላስችል አለኝ። ከሳጥኑ ጀርባ ዞርኩና መዳፌን የኋላው ሰሌዳ ላይ ላሳርፍ ስል፣ ሌላ እጅ ቀድሞኝ አለ። ዳንኤል ነው። የሙሽራ ወንበሩን ትቶ፣ ነጭ አበባ ደረቱ ላይ፣ መዳፉን ሰሌዳው ላይ አድርጎ ቆሟል። እኔም ከጎኑ አደረግሁ። ሰሌዳው ይርገበገባል፣ ግን የሚመታው ነገር የለም።

"አይነካም" አለኝ።

"አይነካም" አልኩት።

ለመሄድ ዞሮ ደግሞ ተመለሰ። "ሐሙስ ነው የገባኝ፣ ፉንዲ" አለ። "ፌክ ነው ብሎ የሚያምን ሰው፣ ይዘኸው ና አይልም። ይቀየር ነው የሚለው።"

"ታዲያ ለምሕረት ለምን አልነገርካትም?"

"የእርስዎ ነገር ነው" አለ። "እርስዎ እንዲነግሯት ብዬ።"

ይህን አውቆ ነው በዚያ መንገድ ሁሉ ካርቶኑን አቅፎ የመጣው። ባሌስትራ ተሰብሮ ፀሐይ ላይ ሲቆም፣ ሲሚንቶ ላይ ሲቀመጥ፣ ያውቅ ነበር። አንድ የምለው ነገር ፈለግሁ፤ ያኔ ግን ፎቶ አንሺው እጁን ይዞ ወሰደው። ቆሜ ቀረሁ። እጄን ከሰሌዳው ላይ ያነሳሁት ዘፈኑ ካለቀ በኋላ ነው።

ፉንዲ እንጂ አባባ አላለኝም። ለአስቴር ነገርኳት። "ጊዜ ስጠው" አለች። "አንተ እሱን ለመቀበል ስንት ጊዜ ፈጀብህ?"

ዛሬ መልስ ነው። ሳጥኑ በእግረኛው በኩል እንደማያልፍ ለዳንኤል ትናንት ነግሬዋለሁ። ምኮኮቴኒ የሚሉትን የእጅ ጋሪ ይዞ ራሱ ይመጣል፤ ሁለታችን እንገፋዋለን። ኬላው ላይ ወረቀት ይጠይቁናል፣ እንቆማለን። እስከዚያ ድረስ ምን ብለን እንደምናወራ አላውቅም። ነገ ኢሲዮሎ ይሄዳሉ።

አሁን ለጋሪው እንዲመች የሳጥኑን ስፋት ልለካ ብዬ ሜትሬን ፈልጌ አጣሁት። ቅዳሜ ምሕረት እጅ ነበር። አስቴር ሻንጣዋ ውስጥ ስትከተው አይቻታለሁ አለች። "ልጠይቅልህ?"

ተዪው፣ ይዛው ትሂድ አልኳት። ሌላ እስክገዛ ድረስ ሳጥን አልቆርጥም።